ምራቅ፣ መሳሳምና ኤች.አይ.ቪ፦ ስጋቱ የት ነው?

የዕለቱ ርዕስ ዝቅተኛ ስጋት ባላቸው የቅርብ ንክኪዎች ኤች.አይ.ቪ ይተላለፋል ወይ፣ ከተጠራጠሩስ ምን ይደረጋል የሚል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምክር አገልግሎት የሚሰጡ ባለሙያዎች ጥያቄውን በብዙ መልኩ ይሰሙታል። አንዱ ከንፈር ለከንፈር ስለ መሳሳም ይጠይቃል፤ ሌላዋ ልብስ ሳይወልቅ ስለተደረገ መተሻሸት። እጁን ፈሳሽ የነካው ወጣት ደግሞ ተመርምሮ ነፃ ከተባለ በኋላም እንቅልፍ አጥቶ ይመለሳል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነውና ሊሳቅበት አይገባም፤ መልስ ይገባዋል።

ቫይረሱ እንዲተላለፍ በቂ ቫይረስ የያዘ ፈሳሽና ወደ ሰውነት የሚያስገባው በር ባንድነት መገኘት አለባቸው። ፈሳሾቹ ደም፣ የዘር ፈሳሽና ከእሱ ቀድሞ የሚወጣው፣ የሴት ብልትና የፊንጢጣ ፈሳሽ፣ የእናት ጡት ወተት ናቸው። በሮቹ ደግሞ የብልት፣ የፊንጢጣና የአፍ ስስ የውስጥ ሽፋን፣ ያልደረቀ ቁስልና መርፌ ናቸው። ያልቆሰለ ቆዳ በር አይደለም። ስለዚህ መተቃቀፍ፣ መተሻሸት፣ በእጅ መነካካት ቫይረሱን አያስተላልፉም።

ምራቅስ? እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ጥያቄ የተነሣ ነውና።

በ1986 የኒውዮርኩ ብሮንክስ ሐኪሞች፣ ጄራልድ ፍሪድላንድና ባልደረቦቹ፣ የ39 ሕሙማንን ቤት አጠኑ። ከሕሙማኑ ጋር አብረው የሚኖሩ፣ ግን የወሲብ ግንኙነት የሌላቸው 101 ሰዎች ተመረመሩ። በአንድ ዕቃ በልተዋል፣ ጠጥተዋል፤ አልጋና መጸዳጃ ተጋርተዋል፤ ተቃቅፈዋል፣ ተሳስመዋል። ቫይረሱ የተገኘው በአንድ ሕፃን ላይ ብቻ ነበር፤ ይህም ከእናት እንደተላለፈ ነው ሐኪሞቹ የደመደሙት። አብሮ በመኖር የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን የኤድስ ሕሙማን መዘገበች። ከዚያ በኋላ በብዙ ቤት የሆነውን ታዳሚው ያውቀዋል። ቡና ሲፈላ የአንዲት እኅት ስኒ ከረከቦቱ ተለይቶ ጓዳ ተቀመጠ፤ ለብቻው ታጠበ። በአንድ መሶብ ዙሪያ ያደገ ሰው ሳህኑ ተለየ፤ የሚያጎርሰው ጠፋ። የብሮንክሱ ማስረጃ ያን ጊዜ ታትሞ ወጥቷል፤ ወደ ጓዳችን ግን በጊዜ አልገባም። በ1987 የዌልሷ ልዕልት ዳያና በለንደኑ ሚድልሴክስ ሆስፒታል ጓንት ሳታጠልቅ ሕሙማንን የጨበጠችውም ይህንኑ ፍርሃት ለመስበር ነበር።

ምራቅ ቫይረሱን እንዴት እንደሚከላከል ከጊዜ በኋላ ታወቀ። በ1995 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በምራቅ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ቫይረሱ ወደ ሕዋስ እንዳይገባ እንደሚያግድ አሳዩ። በ1999 በቴክሳስ ጋልቨስተን የተሠራው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። የምራቅ ጨው ከደም ጨው እጅግ ያነሰ ነው። ቫይረሱን ተሸክመው ወደ አፍ የሚገቡ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ሽንብራ አብጠው ይፈነዳሉ፤ ቫይረሱም ማራቢያውን ያጣል።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ግን መሸፋፈን የለበትም። በ1997 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖር ወንድ ወደ ሴት ጓደኛው፣ ምናልባት ምላስ ለምላስ በመሳሳም፣ የተላለፈ ሕመም ዘገበ። ሁለቱም የድድ በሽታ ነበረባቸው፤ የሰውየው ድድ ጥርሱን ሲቦርሽ ይደማል፤ የሚሳሳሙትም ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነበር። መርማሪዎቹ ምክንያት ያደረጉት ደሙን እንጂ ምራቁን አይደለም። ድድ ሳይደማ፣ አፍ ሳይቆስል የሚደረግ መሳሳም አያስፈራም።

በአፍ የሚደረግ ወሲብ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ ዜሮ ነው ግን አይባልም። በስፔን ማድሪድ ለአሥር ዓመት በተደረገ ክትትል፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ካላቸው 135 ሰዎች መካከል፣ ከ19,000 በላይ በሚገመት ያለ ኮንዶም በአፍ የተደረገ ግንኙነት አንድም አልተያዘም። የአፍ ቁስል፣ የሚደማ ድድና አባላዘር በሽታ ግን ስጋቱን ይጨምራሉ። ጨብጥ፣ ቂጥኝና ኸርፒስ በዚህ መንገድ በቀላሉ እንደሚተላለፉም መታወቅ አለበት።

ለማነጻጸር ያህል፣ ኮንዶምም ሕክምናም በሌለበት፣ ሲዲሲ ከ10,000 ግንኙነት በብልት ለሴቷ 8፣ ለወንዱ 4፣ በፊንጢጣ ለተቀባዩ 138 ይገምታል። የጋራ መርፌ 63 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች መድኃኒት ሲገባ ይለወጣሉ። ፓርትነር የተባለው የአውሮፓ ጥናት በ2016 የ888 ጥንዶችን ውጤት አወጣ፤ 58,000 ያህል ያለ ኮንዶም የተደረገ ግንኙነት ተቆጥሮ፣ መድኃኒቱን በሚገባ ከሚወስደው ጓደኛ የተላለፈ አንድም አልነበረም። በጥናቱ ወቅት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም የቫይረሱ ዘር ሲመረመር የመጣው ከሌላ ሰው ነው። በ2019 የወጣው ሁለተኛው ጥናት በ782 ወንድ ጥንዶች ዘንድ ያንኑ አገኘ። ኢትዮጵያ መድኃኒቱን በነፃ ማደል ከጀመረች ከ2005 ወዲህ፣ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንም ሲጠብቅ ኖሯል። ይህን ለባለትዳሮች በግልጽ ያልነገረ ክሊኒክ ትልቅ ነገር አጓድሏል።

ሰዓቱ ገፍቷልና ምን ይደረግ የሚለው ባጭሩ ይነገር። ኮንዶም የተቀደደበት፣ የተደፈረች፣ መርፌ የወጋው ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ፤ የድኅረ ተጋላጭነት መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት መጀመር፣ ለ28 ቀንም መወሰድ አለበት። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ከ23 እስከ 90 ቀን ድረስ ቫይረሱን ላያሳይ ይችላል፤ ከ90 ቀን በኋላ የወጣ «ነፃ» ውጤት፣ በመካከሉ ሌላ ተጋላጭነት ከሌለ፣ የሚታመን ነው። ድድ ሳይደማ፣ አፍ ሳይቆስል ለተሳመ ወይም ለተቃቀፈ ሰው ግን መድኃኒቱም ምርመራውም አያስፈልገውም።

ጥያቄ ያላቸው ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ይላኩ፤ አማካሪዎቹም ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ለማነጋገር በአዳራሹ ይቆያሉ።