አንበጣን የሚያጠፋው ፈንገስ

የዛሬው ነገራችን ስለ ፈንገስ ነው፤ ይኸውም ምግቡን ከሕያዋን ነፍሳት ሥጋ ስለሚያገኘው ፈንገስ ነው። ስሙ ሜታራይዚየም ይባላል። የዚህን ፈንገስ ወገን ሊቁ ኢሊያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1879 በኦዴሳ አካባቢ፣ ስንዴ በሚያጠፋ ጥንዚዛ ላይ መርምሮታል።

ታዲያ ይህ ፈንገስ እንዴት ይገድላል? ለጠላ የተዘፈዘፈ ገብስ በቅጠል ተሸፍኖ እርጥበትና ሙቀት ባገኘ ጊዜ ከፍሬው ጫፍ ነጭ ቡቃያ እንደሚያወጣ፣ እንዲሁ ለብቻው በዓይን የማይታየው የፈንገሱ ዘር በአንበጣ ገላ ላይ ሲያርፍ ያቆጠቁጣል፤ ጠንካራውንም ልባስ በስቶ ይገባና በደሙ ውስጥ ይበዛል። ልብ በሉ፤ አንበጣው ፈንገሱን መብላት አያስፈልገውም፤ ዘሩ ገላውን መንካቱ ብቻ ይበቃል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ግን የአንበጣው መከላከል ነው። ፈንገሱ የያዘው አንበጣ ፀሐይ እየሞቀ የገላውን ግለት ከፍ ያደርጋል፤ በዚያም ትኩሳት የፈንገሱ እድገት ይገታል፤ የአንበጣውም ሞት ይዘገያል። ዕፁብ ድንቅ ፍጥረት ነው!

ይህ ፈንገስ፣ አንበጣንና ፌንጣን ለይቶ የሚያጠቃው ዓይነት ማለቴ ነው፣ ዘሩ በዘይት ተበጥብጦ ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ የአፍሪካን ቀንድ በወረረ ጊዜ በሶማሊያ ሥራ ላይ ውሏል። እርግጥ ነው፣ እንደ ኬሚካል መርዝ ፈጥኖ አይገድልም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ሆኖም አንበጣንና ፌንጣን ለይቶ ስለሚያጠቃ፣ ቀፎ በተሰቀለበትና ከብት በተሰማራበት አገር፣ ያን ያህል መታገሥ የሚገባ ይመስለኛል።