የፖል ክሌ የቀለም ገጾች

እሷ፦ ሠዓሊው ፖል ክሌ ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1921 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. አስተምሯል። ለማስተማር ያዘጋጃቸው ወደ 3,900 የሚጠጉ የእጅ ጽሑፍ ገጾች ዛሬ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ይገኛሉ።

እሱ፦ ከገጾቹ እኔን የያዘኝ የቀለም ክቡ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን ክቡ ላይ ያስቀምጥና የእያንዳንዱን ጉልበት ይከተላል። ቀይ ከጫፉ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይነሳል፤ በአንድ ወገን በብርቱካናማ አልፎ ቢጫ ላይ ያልቃል፤ በሌላው በሐምራዊ አልፎ ሰማያዊ ላይ ይጠፋል።

እሷ፦ እንግዲያው አረንጓዴ ውስጥ ቀይ ጭራሽ የለም ማለት ነዋ!

እሱ፦ የለም። ቀይና አረንጓዴ ክቡ ላይ ትይዩ የሆኑትም ለዚህ ነው። ቀስ በቀስ ቢቀላቀሉ መሃል ላይ ግራጫ ይሆናሉ።

እሷ፦ ክሌ ጎበዝ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ ያ እዚህ ይታየኛል። ሦስቱ ቀለማት እንደ ሦስት ድምፆች አንዱ ሲያይል ሌላው ይቀንሳል። ሥዕላዊ መግለጫውንም በሙዚቃ ስም «ካኖን» ብሎታል።

እሱ፦ ቀለምን በክብ ማደራጀትማ ከእሱ በፊት ጀርመናዊው ጸሐፊ ጎተም ሠርቶታል። ክሌ ግን ቀለምን በእንቅስቃሴ ያሳያል። ለጀማሪ ሠዓሊ ይህ ከማንኛውም የቀለም ሰንጠረዥ ይበልጣል ባይ ነኝ።

እሷ፦ ይህ በሥራ ላይ ሲውል ማየት የፈለገ በ1921 የሣለውን «ፉጋ በቀይ» ይመልከት።