ስለ ዝንጉርጉር ሐረግ



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ሐረግ ነው። ስሙ አይቪ ይባላል። የቅጠሉ መካከል አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ነጭ ነው። የትውልድ አገሩ አውሮፓ፣ ምዕራብ እስያና ሰሜን አፍሪካ ነው። ከግንዱ በሚያወጣቸው ትናንሽ ሥሮች ግድግዳና ዛፍ እየያዘ ይወጣል።

ቁራጮቹን ይዘን ደቻቱ ዳር ስንመጣ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ይበላል?» አሉን። «አይበላም» አልን። «ታዲያ በጀርባዬ ያመጣሁትን ውኃ ለማይበላ ላጠጣ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ውኃ ውድ ነው። እኛም መልስ አጣን።

ቢሆንም ተከልን። የተከልነው ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ነበር። ነጩ የቅጠል ዳር ተቃጠለ፤ ቆይቶም ሁሉም ደረቀ። ያን ጊዜ እኚያ እናት፣ «እናንተ ፊደል ታውቃላችሁ፤ ጥላ ግን አታውቁም» ብለው ሳቁብን። የቀረችንን አንዲት ቁራጭ ወሰዱ። በቆርቆሮ ተክለው እንስራቸው ከሚቀመጥበት ጥላ ሥር አኖሯት። ከእንስራው የሚንጠባጠበው ውኃ በቃት። ጸደቀች!

እንግዲህ አተካከሉ እንዲህ ነው፦

1. አንድ ስንዝር ያህል ቁራጭ ከአንጓው ዝቅ ብሎ መቁረጥ።
2. አሮጌ ቆርቆሮን ከሥሩ መብሳት። ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል።
3. አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ መሙላት።
4. ብርሃን በሚገባበት ጥላ ማስቀመጥ፤ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት።

ቅጠሉ ለምን ዳሩ ነጭ ሆነ? ለተክል ምግብ የሚሠራው አረንጓዴው ነው። ነጩ ምግብ አይሠራም፤ አረንጓዴው የሠራውን ይበላል። ስለዚህ ዝንጉርጉሩ ሐረግ ቀስ ብሎ ያድጋል። አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ያወጣል። እሱ ፈጥኖ ያድግና ዝንጉርጉሩን ይውጠዋል። ስለዚህ እንዳያችሁት ከሥሩ ቁረጡት።

ሦስት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ቅጠሉና ፍሬው ሲበላ ይመርዛል፤ ጭማቂውም ቆዳ ያሳክካል። ከሕፃናት አርቁት። ሁለተኛ፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ አታውጡት። ሥሩ በስንጥቁ ገብቶ ልስኑን ያፈርሳል። ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ የእንጨት ርብራብ ሥሩለት።

ሦስተኛው ስለ አሸዋው ነው። አሸዋ ልንቀዳ ደቻቱ እንወርዳለን። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ እንዘናጋለን። ነገር ግን እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ሌሊት ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ገደለ፤ ቤቶችንም ጠራርጎ ወሰደ። ስለዚህ ተራራው ላይ ደመና ካያችሁ አሸዋውን ተዉት፤ ቶሎ ውጡ። በወንዙ መሄጃም አትክልት አትትከሉ፤ ቤትም አትሥሩ። ሐረግ ጎርፍ አያቆምም።

ወገኖቻችን! «ይበላል?» ላሉን እናት እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠንም። መልሱን ራሳቸው ሰጡን። አንድ ቀን ቤታቸው ስንደርስ ቆርቆሮው ላይ በከሰል «ሐረግ» ብለው ጽፈውበት አገኘን። ከደብተር ውጭ የጻፏት የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት። የምትተክሉትን ሁሉ፣ የሚበላውንም የማይበላውንም፣ እናንተም ስሙን ጻፉበት።