ፍላጻው ሳይነቀል

እኅቶቼ፣ በቀስት ውድድር ነጥብ መያዝ ቀላል ይመስላል። በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ፍጻሜ ሁለቱም በመጨረሻዋ ፍላጻ 10 መትተው፣ ወርቁን የለየው ወደ መሀል የ4.9 ሚሊሜትር ቅርበት ነበር!

ደንቡ አጭር ነው፤ መስመር የነካ ፍላጻ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል፣ ካልተስማሙ ዳኛ ይጠራል፣ እስኪጻፍ ማንም አይነካውም። ከተነቀለ በኋላ ሁሉም ካልተስማሙ አይታረምም።

አንድ ቀን ነጥብ ስይዝ፣ በዕድሜ የምትበልጣት ተፎካካሪዋ «ዘጠኝ ነው» ስትል አንዲት ልጅ ዝም አለች። ጻፍኩ፤ ተነቀለ። ቆይታ «ዐሥር ነበር፣ አፍሬ ነው» ብላ አለቀሰች። ተፎካካሪዋ እሺ አላለችም፤ 9 ሆኖ ቀረ። ደንብ አልጣስኩም፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። (እኛስ በእቁባችን ስንቴ ዝም ብለናል?) አሁን ፍላጻ ከመነቀሉ በፊት መጀመሪያ የምጠይቀው ታናሿን ነው።