ስሟ ራሱ ባሕር ዳር

ከአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የተነሣ መንገደኛ የጎጃምን መንገድ ይዞ ይወጣል። ሰፈሩ የተሰየመላቸው ጻድቅ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱትን ደብረ ሊባኖስን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ባሕር ዳር ከተማ ደርሶ ውኃ ፊት ይቆማል።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ አማርኛ ግን ሰፊ ሐይቅንም ባሕር ይላል። የጣና ሐይቅም ለስሙ አያንስም፦ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተንጣሎ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል።

ጎብኚ መጀመሪያ በጀልባ ወደ ዘጌ ቢሻገር ይመከራል። ባሕረ ገብ መሬቱ የቡና ጫካ ነው። በጫካው ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያን፣ ይጠብቀዋል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ በጥርኝ ውኃ የተማረው በላዔ ሰብእም እዚያው አለ። ፊደል ላልቆጠረ ምእመን ይህ ግድግዳ መጽሐፉ ነበር፤ ሳይቸኩሉ ቢያዩት የሚክስ ነው።

በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም አርፏል። እዚያም፣ በክብራን ገብርኤልም፣ ሴቶች አይገቡም፤ ጀልባ ከመከራየት በፊት ይህን ማወቅ ይበጃል።

በውኃው ላይ ዛሬም የደንገል ታንኳ ይቀዘፋል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል።

ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ከውኃው ከፊሉ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ይቀጥናል። ጢሱን ማየት የፈለገ ከነሐሴ እስከ መስከረም ይሂድ።