ከየረር እስከ ራስ ደጀን



የክረምቱ ጉም ተገፎ ሰማዩ በጠራ ጊዜ በቦሌ ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው የረርን ያያል። ወደ ደቡብ ራቅ ብሎም ዝቋላ ይታየዋል። ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ የበረዱ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከእኛ ከከተማው ሰዎች ብዙዎቹ ግን የረርን የሚያውቁት በመስኮት ብቻ ነው።

በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የምፈልገው፣ ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚመኝ ሰው አስቀድሞ ራሱን በየረር መፈተን የሚገባው መሆኑን ነው።

የውጭ አገር ካርታዎች ራስ ዳሸን የሚሉት ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ወጡት ተጽፏል፤ የአገሩ እረኞች ከዚያ በፊት አልደረሱበትም ብሎ ለመናገር ግን የሚደፍር ማን ነው?

መንገዱ እንዲህ ነው። ከቦሌ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከጎንደርም በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደረሳል። በዚያ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይወሰዳል፤ መሣሪያ የያዘ ጠባቂም ይታዘዛል። በቅሎና ጫኝ መከራየትም ይበጃል። ከዚያ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ እያደሩ፣ ጭላዳውንና ጅብራውን እያዩ፣ ዕድል ከቀናም ዋልያን ከገደሉ አፋፍ እየተመለከቱ ይጓዛሉ።

እንግዳውን የሚያታልለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በቧሂት በኩል ከ4,200 ሜትር በላይ ከወጡ በኋላ ራስ ደጀን ፊት ለፊት ይታያል፤ የቀረበም ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ አለ። በብዙ ድካም የወጡትን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በአምቢቆ አድሮ በማግስቱ ሌሊት እንደገና ሽቅብ መጀመር ግድ ነው። ብዙ ሰው ጉልበቱ የሚከዳው በአቀበቱ ሳይሆን በዚህ ቁልቁለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና አየሩ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በራስ ደጀን ጫፍ ግን ከግማሹ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። የእኛ ከተማ ሰው ከፍታ የለመደ ስለ ሆነ ከቆላ ሰው ይሻላል፤ ሆኖም በዚህ መመካት አደገኛ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ስፍራ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ። ራሱን እያመመው የሚያስመልሰው ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ። እየተንገዳገደ የሚሄድ፣ ንግግሩ የተዛባ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ደግፎ ማውረድ ነው። «ጥቂት ይረፍ» ማለት ሰውን ይገድላል።

በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የመንገዱን ሰላም ሳይጠይቁ መነሣት ከቶ አይገባም።

እንግዲህ የረር ለምን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። ከፍታው 3,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነ የአየሩን ነገር በሙሉ አያስተምርም። ጫማው እግርን የሚልጥ መሆኑን፣ ውሃው ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ፣ ጉልበት ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚችል፣ ከጓደኞችም ማን ቸኩሎ ሌላውን ጥሎ እንደሚሄድ ግን ያሳያል። ይህ ሁሉ ከቤት አጠገብ ቢታወቅ ይሻላል።

በግርጌው ያለው የገበሬ ማሳ ነው፤ እህሉን ሳይረግጡ፣ ሰላምታ ሰጥተው መንገድ ይጠይቁ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ወዴት እንደሄዱም ለቤተ ሰብ ይንገሩ። ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሡ፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀርዎም ይመለሱ።