የመመለሻው መንገድ ምስክር



የወላጆቻችን ገንዘብ ሳይቀር ዛሬ በኮምፒዩተር ይታዘዛልና ልንናገርበት የወደድነው ነገር ሁላችንንም ይነካል።

ኮምፒዩተር ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚመለስበትን አድራሻ «ስታክ» በሚባል ቁልል ላይ ይጽፋል። ይህን አድራሻ የለወጠ ሌባ ኮምፒዩተሩን ወደ ፈቀደው ይመራዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ትል የተባለው ፕሮግራም ከተሰራጨባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነበር። ስለዚህም ኢንቴል በ2020 ባወጣቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ፣ ተራ የጽሕፈት ትእዛዝ የማይነካው ሁለተኛ «የጥላ ስታክ» ሠራ፤ በመመለሻው ጊዜ ሁለቱ ካልተስማሙ ሥራው ይቆማል። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ ነው።

ዳሩ ግን «ሲግናል» የተባለው አስቸኳይ ጥሪ ሥራውን በመካከል ሲያቋርጠው፣ የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ ከርነል የሥራውን ሁኔታ የሚያኖረው ሌባ ሊደርስበት በሚችለው በተራው ስታክ ላይ ነው። የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን መተው ምን ይጠቅማል? በ2023 የወጣው ሊኑክስ 6.6 ግን ጥሪውን ሲያደርስ፣ የጥላው ስታክ የነበረበትን ሥፍራ የሚመሰክር ምልክት በዚያው በጥላው ላይ ያኖራል። ጥሪ ሳይኖር «ተመልሻለሁ» የሚል እንግዳ ምልክት ስለሌለው ይያዛል።

ጓደኞቻችን ሆይ! ነገ ፕሮግራም የምንጽፈው እኛ ነንና፣ ሥራ በሚቋረጥበት ሰዓትም ታማኝ ምስክር ማኖርን ከዛሬ እንልመድ።